ብራውዘሩ ለምን ይዘጋል? ከአንድ የቤት ኮምፒዩተር ሕመም የተገኘ ትምህርት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ኮምፒዩተር በሽታውን አይደብቅም፤ አስቸጋሪው ነገር ሕመሙ በአንድ ቦታ ሆኖ ጩኸቱ ከሌላ ቦታ መሰማቱ ነው። ከዚህ በታች የምንተርከው የአንድ ቤት ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። ጽሑፉ ሁለት ዓላማዎች አሉት። አንደኛው፣ የድረ ገጽ ማሰሻ ወይም በተለምዶ ብራውዘር የምንለው ፕሮግራም በተደጋጋሚ እየተዘጋ ሲያስቸግር መንስኤውን በሥርዓት ፈልጎ ማግኘት እንዴት እንደሚቻል ማሳየት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሳይንሳዊ ዘዴ የምንለው ነገር በቤተ ሙከራ ብቻ ሳይሆን በሳሎን ጠረጴዛ ላይም እንደሚሠራ ማስታወስ ነው።

ሦስት ቀን የቀረው ማመልከቻ

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር አንድ ምሽት በሬን አንኳኩ። የመጨረሻ ልጃቸው በውጭ አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ነፃ የትምህርት ዕድል እያመለከተ ነበር። ማመልከቻው የሚሞላው በኢንተርኔት ሲሆን ቀነ ገደቡ ሊያበቃ የቀረው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ልጁ ቅጹን አጋምሶ ገና ሳያስቀምጠው ብራውዘሩ ድርግም ብሎ ይጠፋል። እንደገና ይከፍተዋል፣ እንደገና ይሞላል፣ እንደገናም ይጠፋበታል። በዚያን ዕለት ብቻ ሰባት ጊዜ ተዘግቶበታል።

መምህሩ ወደ እኔ ከመምጣታቸው በፊት አንድ የጥገና ሠራተኛ አስጠርተው ነበር። ሠራተኛው ማሽኑን ለጥቂት ደቂቃዎች ከተመለከተ በኋላ «ቫይረስ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ፎርማት ተደርጎ ሁሉም ነገር እንደገና መጫን አለበት፤ ይህም ካልሠራ አዲስ ኮምፒዩተር ይግዙ» ብሏቸዋል።

«በሞት የተለየችኝ ባለቤቴ ፎቶግራፎች ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው፤ ሳይደመሰስ የሚድንበት መንገድ የለም ወይ ልጄ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ጋሼ፣ ምን እንደሆነ ሳናውቅ ምንም ነገር አናጠፋም» አልኋቸው።

በዚያው ምሽት ሁለት ነገሮችን አደረግን። ልጁ ለማመልከቻው ጥያቄዎች የሚሰጣቸውን መልሶች በቅጹ ላይ በቀጥታ ከመጻፍ ይልቅ በተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ እንዲጽፍና ቅጂውን በስልኩ ላይ እንዲያስቀምጥ ነገርሁት። ፎቶግራፎቹንም ወደ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገለበጥናቸው። ይህ ሁለተኛው ርምጃ ያን ጊዜ ብልኅነት መስሎኝ ነበር። ስሕተቴ ኋላ የተገለጠልኝ ስለሆነ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ብራውዘር ለምን ቀድሞ ይወድቃል?

ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1990 በሰርን የምርምር ተቋም የመጀመሪያውን ብራውዘር ሲጽፍ፣ ፕሮግራሙ የሚጠበቅበት በማያያዣ የተሳሰሩ ጽሑፎችን ማሳየት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ሞዛይክ ሥዕልንና ጽሑፍን በአንድ ገጽ ላይ አስማምቶ በማቅረቡ ድሩን ለብዙኃኑ አስተዋወቀ። ዛሬ ግን ብራውዘር የገጽ መግለጫ ብቻ አይደለም። ቪዲዮ ያሳያል፣ ድምፅ ይቀርጻል፣ ካርታ ይሥላል፣ ከየድረ ገጹ የሚመጡ ፕሮግራሞችንም ተቀብሎ እዚያው በዚያው ወደ ማሽን ቋንቋ እየመለሰ ያስኬዳል። በአጭሩ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው ማለት ይቻላል። በብዙ ቤቶች ውስጥ ከሁሉም ፕሮግራሞች የላቀ ሜሞሪ የሚወስደውም እርሱ ነው። ስለዚህ በማሽኑ አካል ላይ የተደበቀ እንከን ሲኖር፣ ወንዝ ለመሻገር ከባዱን ሸክም የያዘው አህያ ቀድሞ እንደሚሰናከል ሁሉ፣ ብራውዘሩ ቀድሞ ይወድቃል።

የቀድሞዎቹ ብራውዘሮች የተከፈቱትን ገጾች ሁሉ በአንድ ሂደት ውስጥ ያስኬዱ ስለነበር አንዱ ገጽ ሲበላሽ ሌሎቹንም ይዞ ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 የወጣው ጉግል ክሮም ገጾችን በተለያዩ ሂደቶች ከፋፍሎ በማስኬድ ይህን ልማድ ለወጠ። ማይክሮሶፍት በ2009 በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 8፣ ሞዚላም ከ2016 ጀምሮ በፋየርፎክስ ተመሳሳይ መንገድ ተከተሉ። በአንድ ወቅት የብራውዘር መዘጋት ዋነኛ ሰበብ የነበረው ፍላሽ ፕሌየር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አገልግሎቱ አብቅቷል። ስለዚህ «ፍላሽን አጥፋ» የሚለው የድሮ ምክር ዛሬ አይጠቅምም።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ተግባራዊ ጥቅም አለ። አንድ ታብ ብቻ ተበላሽቶ ሌሎቹ ከቀጠሉ ጥርጣሬው በዚያ ገጽ ላይ ያርፋል። መስኮቱ በሙሉ ድርግም ብሎ ከጠፋ ምክንያቱ ከገጹ ጠለቅ ያለ ነው። ገጹ ሳይዘጋ ደርቆ ከቀረ ደግሞ ፕሮግራሙ አልወደቀም፤ የሚጠብቀው ነገር አለ፣ ወይም ማብቂያ በሌለው ዙር ውስጥ ገብቷል። ኮምፒዩተሩ ራሱ ከደረቀ፣ ሰማያዊ ገጽ ካሳየ ወይም ብቻውን ጠፍቶ ከተነሣ ብራውዘሩን መወንጀል ይቅርና ወደ ማሽኑ አካል እንሂድ።

ከመንካት በፊት መመዝገብ

በማግሥቱ ጠዋት አንድ የተማሪ ደብተር ይዘን ተቀመጥን። በየመስመሩ ሰዓቱን፣ የተከፈቱትን ታቦች ብዛት፣ ልጁ ሲሠራ የነበረውንና የታየውን መልእክት ጻፍን። በተጨማሪም በዊንዶውስ ውስጥ የሚገኘውን ሪሊያቢሊቲ ሞኒተር የተባለ መዝገብ ከፈትን። ይህ መዝገብ በየቀኑ የትኛው ፕሮግራም እንደተበላሸ በቀይ ምልክት ያሳያል፤ ብዙ ሰው ግን መኖሩን እንኳ አያውቅም።

መዝገቡ ሁለት ነገሮች ነገረን። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ቀይ ምልክት የታየው ከሦስት ሳምንት በፊት ሲሆን ከዚያ ቀን አስቀድሞ ለወራት አንድም አልነበረም። ሁለተኛ፣ የተበላሸው ብራውዘሩ ብቻ አልነበረም። የሰነድ ማንበቢያ ፕሮግራሙና የጸረ ቫይረሱ ማደሻም አንዳንድ ጊዜ ወድቀዋል፤ ነገር ግን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራቸውም።

«ከሦስት ሳምንት በፊት ምን አዲስ ፕሮግራም ጫንህ?» ብዬ ልጁን ጠየቅሁት። «ምንም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ጠባብ የነበረው የእኔ ጥያቄ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ነገር

ከዚህ በኋላ የተከተልነው ሕግ ቀላል ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ መሞከር፣ ውጤቱን መጻፍ። አምስት ነገሮችን በአንድ ላይ የለወጠ ሰው ችግሩ ቢወገድለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። ቅደም ተከተሉም ከቀላሉና ምንም ከማያጠፋው ይጀምራል።

1. ማደስ። ብራውዘሩንና ስርዓተ ክወናውን ወደ አዲሱ ዕትም ማሳደግ፣ ከዚያም ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማስነሣት። ብዙ የታወቁ ስሕተቶች በዚህ ብቻ ይወገዳሉ። በእኛ ዘንድ ለውጥ አልመጣም።

2. ተቀጽላዎችን መመርመር። ኤክስቴንሽን የሚባሉት ተቀጽላዎች በብራውዘሩ ውስጥ የሚሠሩ የሌሎች ሰዎች ፕሮግራሞች ናቸው። ሁሉንም አጥፍቶ መሞከር ይገባል። ችግሩ ከተወገደ ጥፋተኛውን ለማግኘት ግማሾቹን ብቻ መልሶ ማብራት፣ ቀጥሎም ጥፋተኛው ያለበትን ግማሽ እንደገና ለሁለት መክፈል ነው። በዚህ ዘዴ ከ16 ተቀጽላዎች አንዱን ለመለየት 4 ሙከራዎች ይበቃሉ። መምህሩ ይህን ሲሰሙ «ሎጋሪዝም እኮ ነው!» ብለው ፈገግ አሉ። የእኛ ማሽን ግን ያለ አንዳች ተቀጽላም ተዘጋ።

3. አዲስ ፕሮፋይል መክፈት። ብራውዘር ታሪክን፣ የይለፍ ቃልንና ምርጫዎችን በትናንሽ የመረጃ ቋቶች ያስቀምጣል። በሚጽፍበት ቅጽበት መብራት ከሄደ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ተራ ነገር ነው። አሮጌውን ፕሮፋይል ሳያጠፉ አዲስ ከፍቶ መሞከር ይህንን ይለያል። አሁንም ለውጥ የለም።

4. የግራፊክስ ድርሻ። ብራውዘር ሥዕልና ቪዲዮ የማሳየቱን ሥራ ለግራፊክስ ካርድ ያስተላልፋል። የካርዱ ድራይቨር እንከን ካለበት ብራውዘሩን ይዞት ይወድቃል። በማስተካከያው ውስጥ ሃርድዌር አክስለሬሽን የሚለውን አጥፍቶ መሞከር ምንም ጉዳት የለውም። ይህም አልፈታውም።

5. ሌላ ብራውዘር። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ክሮም፣ ኦፔራና ከ2020 ወዲህ ያለው ኤጅ ክሮሚየም በሚባል አንድ መሠረት ላይ የተሠሩ ናቸው። ከክሮም ወደ ኤጅ መሄድ ቤት ሳይለቁ ክፍል እንደ መለወጥ ነው። መሠረቱ የተለየው ፋየርፎክስ ነውና ሙከራው በእርሱ ይደረግ። ፋየርፎክስም በአርባ ደቂቃ ውስጥ ተዘጋ። ይህ ትልቅ ማስረጃ ነበር፤ ጥፋቱ ከብራውዘሩ በታች ነው ማለት ነው።

6. ተንኮል አዘል ፕሮግራም። በታወቀ ጸረ ቫይረስ ሙሉ ፍተሻ አደረግን፤ ምንም አልተገኘም። አንዳንድ ጊዜ ጸረ ቫይረሱ ራሱ በብራውዘሩ ውስጥ ጣልቃ እየገባ የሚያበላሽበት ጊዜ እንዳለም መዘንጋት የለበትም።

7. የሜሞሪ መጠን። ታስክ ማናጀር ከፍተን ስንመለከት ማሽኑ ካለው 8 ጊጋባይት ውስጥ ብራውዘሩ በሚዘጋበት ሰዓት የተያዘው ከግማሽ ጥቂት ያለፈ ነበር። ስለዚህ ሜሞሪ አልቆበት አይደለም።

8. ሙቀትና አቧራ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀትን ይዞ የመሄድ አቅሙ አነስተኛ ነው፤ ማራገቢያው በአቧራ ሲታፈን ደግሞ ነገሩ ይባባሳል። አቧራውን ጠረግን፤ መዘጋቱ ግን ቀጠለ።

በዚህ ጊዜ ደብተሩን መልሰን አነበብን። የስሕተት መልእክቶቹ በየጊዜው ይለያያሉ፤ የተለየ ገጽ ወይም የተለየ ድርጊት አይከተሉም፤ ታቦች በበዙ ቁጥር ግን መዘጋቱ ይፈጥናል። በፕሮግራም ውስጥ ያለ ስሕተት ብዙውን ጊዜ በአንድ ቦታ በተመሳሳይ መንገድ ይደጋገማል። መልኩን እየለዋወጠ የሚመጣ ብልሽት ግን ወደ ማሽኑ አካል፣ በተለይም ወደ ሜሞሪው ያመለክታል።

ሌሊቱን የተገኘው

ሜምቴስት 86 የተባለውን የሜሞሪ መፈተሻ በፍላሽ ላይ ጭነን ኮምፒዩተሩን በእርሱ አስነሣነው። ዊንዶውስ ራሱም የሜሞሪ መመርመሪያ አለው። ፈታሹ በእያንዳንዱ የሜሞሪ ክፍል ላይ የታወቀ ቁጥር ይጽፋል፣ መልሶ ያነባል፣ ሁለቱን ያነጻጽራል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ በገጹ ላይ ቀይ መስመሮች መታየት ጀመሩ። የተጻፈውና የተነበበው አልተስማሙም።

መምህሩ ቀይ መስመሮቹን ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና «እንዴ! ያ የጨመርነው ራም ይሆን እንዴ?» አሉ። ከሦስት ሳምንት በፊት ማሽኑ እንዲፈጥንላቸው ያገለገለ ባለ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ካርድ ገዝተው በነባሩ ላይ አስጨምረው ነበር። እኔ ስለ ፕሮግራም ስጠይቅ ልጁ ስለ ካርድ አላሰበም።

ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይደለም። ኮምፒዩተሩን አጥፍተን፣ ከመብራቱ ነቅለን፣ በሰውነታችን ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ክምችት ለማስወገድ የብረት አካሉን ነክተን አዲሱን ካርድ አወጣነው። ነባሩ ካርድ ብቻውን እስኪነጋ ተፈተሸ፤ አንድም ስሕተት አልታየም። ጠዋት ነባሩን አውጥተን አዲሱን እርሱ በነበረበት ቀዳዳ ውስጥ አስገባነው፤ ቀይ መስመሮቹ ተመለሱ። ስሕተቱ ቀዳዳውን ሳይሆን ካርዱን ተከትሎ ሄደ። አሁን ታወቀ ማለት ይቻላል።

አንዲት ቢት ምን ታደርጋለች?

በቤት ኮምፒዩተር ሜሞሪ ውስጥ እያንዳንዷ ቢት የምትቀመጠው እጅግ ደቃቅ በሆነ ካፓሲተር ላይ በሚገኝ የኤሌክትሪክ ክምችት ነው። ክምችቱ ስለሚተንን በየ64 ሚሊሰከንዱ ያህል መታደስ አለበት። በ4 ጊጋባይት ካርድ ላይ እንዲህ ያሉ ከ34 ቢሊዮን በላይ ቢቶች አሉ። ከእነዚህ አንዲቱ ብትደክም ምን ይሆናል?

ከራሳችን ፊደል ምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ዕትም ፊደላችን ሲካተት «ሀ» 4608 የሚል ቁጥር ተሰጠው። «ሁ» 4609፣ «ለ» ደግሞ 4616 ነው። ዋጋዋ 1 የሆነችው ቢት ከዜሮ ወደ አንድ ብትገለበጥ «ሀገር» «ሁገር» ይሆናል፤ ዋጋዋ 8 የሆነችው ብትገለበጥ ደግሞ «ለገር» ይሆናል። ይህ በደብዳቤ ውስጥ ቢደርስ የፊደል ግድፈት ነው። በፎቶግራፍ ፋይል ውስጥ ቢደርስ ምስሉ ሊቆራረጥ ወይም አልከፈትም ሊል ይችላል። ብራውዘሩ «ቀጣዩ ትእዛዝ የሚገኘው እዚህ ነው» ብሎ በያዘው የአድራሻ ቁጥር ላይ ቢደርስ ግን ፕሮግራሙ የእርሱ ወዳልሆነ ቦታ ይሄዳል። ስርዓተ ክወናውም ሌሎችን ለመጠበቅ ሲል ወዲያውኑ ይዘጋዋል። ልጁ ያየው ድርግም ማለት ይኸው ነበር። ታቦች ጥቂት ሲሆኑ የደከመው ክፍል ስለማይነካ ምንም አይታይም፤ ሲበዙ ግን ብራውዘሩ እዚያ ይደርሳል።

ነገሩ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በጉግል ማሽኖች ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ ከ8 የሚበልጡ የሜሞሪ ካርዶች ስሕተት እንዳሳዩ አረጋግጧል። እንዲህ ያሉ ትላልቅ ማሽኖች ስሕተትን የሚያርም ሜሞሪ አላቸው፤ አብዛኛው የቤት ኮምፒዩተር ግን የለውም። በቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2003 በተደረገ ምርጫ አንዲት ዕጩ ሊያገኙ ከሚችሉት በላይ 4096 ተጨማሪ ድምፅ ተቆጥሮላቸው ነበር። ቁጥሩ በትክክል 2 ለ12 ሲነሣ የሚገኘው በመሆኑ አንዲት ቢት ብቻዋን እንደተገለበጠች ተገመተ፤ ከጠፈር የመጣ ጨረርም ተጠርጥሯል።

ጥፋቱ ከቤት ውጭ ሲሆን

ምርመራው ሁልጊዜ በቤት ውስጥ አያበቃም። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2022 ፋየርፎክስ በዓለም ዙሪያ ለሁለት ሰዓት ያህል ደርቆ ቀርቶ ነበር። ምክንያቱ ብራውዘሩ ከሚገናኝባቸው አገልግሎቶች በአንዱ ላይ የተደረገ ለውጥ በብራውዘሩ ውስጥ ተደብቆ የቆየን ስሕተት በመቀስቀሱና ፕሮግራሙ ማብቂያ በሌለው ዙር ውስጥ በመግባቱ ነው። በዚያን ሰዓት ኮምፒዩተሩን ፎርማት ያደረገ ሰው ቢኖር በከንቱ ደክሟል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኢንቴል በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ የጠረጴዛ ፕሮሰሰሮቹ ላይ ፕሮግራሞችን የሚጥል እንከን እንዳለ አምኖ ማስተካከያ አውጥቷል። ስለዚህ ብልሽቱ በድንገት ከጀመረ የጎረቤትም ማሽን እንዲሁ ሆኖ እንደሆነ መጠየቅ የመጀመሪያው ነፃ ምርመራ ነው።

የፎቶግራፎቹ ነገር

እንከን ያለበት ካርድ ከወጣ በኋላ ማሽኑ በ4 ጊጋባይት ብቻ ቀረ። ዘገምተኛ ነው፤ ነገር ግን አይወድቅም። ልጁ ያዘጋጃቸውን መልሶች ወደ ቅጹ አስገብቶ ማመልከቻውን በዚያው በሦስተኛው ቀን ምሽት ላከ።

ከዚያ በኋላ ያሳሰበኝ የመጀመሪያው ምሽት ሥራዬ ነበር። ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላው የሚገለበጥ ፋይል ሁሉ በሜሞሪ በኩል ያልፋል። ሜሞሪው ታማሚ ከነበረ ቅጂዎቹስ? የእያንዳንዱን ፋይል አኃዛዊ አሻራ ቼክሰም በሚባለው ስሌት አውጥተን ዋናውንና ቅጂውን አነጻጸርን። ከሁለት ሺህ በላይ ከሆኑት ፎቶግራፎች ውስጥ አምስቱ ከዋናዎቹ ጋር አልተስማሙም። ሁለቱ ጭራሽ አልተከፈቱም፤ አንደኛው የመምህሩ ባለቤት በልጃቸው ምርቃት ቀን የተነሡት ነበር። የሠራተኛውን ምክር ሰምተን፣ በቅጂው ተማምነን ዲስኩን ፎርማት አድርገን ቢሆን ኖሮ ዋናው አብሮ ይጠፋ ነበር። የታመመውም ካርድ በቦታው ስለሚቆይ፣ ብራውዘሩ እንደገና ይዘጋ ነበር።

ደግነቱ ዋናዎቹ በዲስኩ ላይ በደኅና ነበሩ። በጤነኛው ሜሞሪ እንደገና ገለበጥናቸው፣ አነጻጸርናቸው፣ ሁሉም ተስማሙ። መምህሩም ሙከራዎቹ የተጻፉበትን ደብተር ወስደው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀኑን ጻፉበትና ከኮምፒዩተሩ አጠገብ አስቀመጡት። «ለሚቀጥለው ጊዜ» አሉ።

አንባቢም ብራውዘሩ ደጋግሞ ሲዘጋበት ይህን ቅደም ተከተል ይያዝ፤ ሥራውን በሌላ ቦታ ያስቀምጥ፣ የሆነውን ይመዝግብ፣ ፕሮግራምም ሆነ ዕቃ ምን እንደተለወጠ ይጠይቅ፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ይሞክር፣ ሜሞሪው ሳይፈተሽ ቅጂን አይመን፣ መንስኤው ሳይታወቅ ምንም ነገር አያጥፋ።